የወንድ ንቦች ጉባኤ

ተረት ተረት፤ የንብ ቤት።

በር ማለት ወዳጅም ጠላትም የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

በአንድ ቀፎ ወንዶቹ ንቦች ማር እየላሱ፣ “ሴት ንብ ትዋጋ ወይስ አትዋጋ?” ብለው ጉባኤ ተቀመጡ። ሴቶቹ በሩ ላይ ከጉንዳን ጋር ይተናነቁ ነበር።

አንዲት ዘበኛ ክንፏ ተቆርጦ ገባች። “ጋሼ፣ ጉንዳኑ በዛብን። ብታግዙን?”

“ልጄ፣” አሉ ሊቀመንበሩ፣ “ጦርነት ወኔ ይጠይቃል። የሴት ልብ ስስ ነው።”

“ይሁን። እንግዲያው እርስዎ ይውጡና ይንደፉልን።”

“እኛ ወንዶች መንደፊያ የለንም። የምናዋጣው ሐሳብ ነው።”

ዘበኛዋ ተመልሳ ወጣች። ሲመሽ ጉንዳኑ ሸሸ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

ጉባኤው ሴት እንዳትዋጋ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔውን የሚያስከብር ኃይል ስላስፈለገም፣ የተረፉት ሴቶች ተመደቡ።