ያልታጠበው እጅ

ተረቴ ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች፤ እናንተ ግን ከመቀመጫችሁ አትነሡ።

ዘርፌ የምትባል እናት ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ናት፤ ሆስፒታል የተኛችው ልጇ ትሁኔ የእግር ቁስሏ ሽሮላት ቤቷ እንድትገባ። ነርሷ ግን፣ «እትዬ፣ ይሄ የመጨረሻው መድኃኒት ነው። እሱም ካልሠራ እግሯ ይቆረጣል» አለቻት። ዘርፌ ክፉኛ ፈራች።

በጠራራ ፀሐይ፣ ጠያቂው በሚንጫጫበት ሰዓት፣ ጎንበስ ብላ ቁስሉን «እባክህ ሻር» አለችው።

«ጀርሙ ሳይወጣ አልሽርም።»

ጀርሙን «ውጣ» አለችው።

«አልወጣም፤ ቤቴ ነው» አለ ከፋሻው ሥር፣ በገዛ ልጇ ድምፅ። ሳቀም። ትሁኔ ተኝታለች፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ወደ መድኃኒቱ ዞረች። «ጀርም አልወጣም አለ፣ ቁስል አልሽርም አለ፤ እባክህ አስወጣው!»

«አላስወጣም። ጉሮሯችሁን በከረከራችሁ ቁጥር ከጎረቤት እየተዋሳችሁኝ፣ ሲሻላችሁ እያቋረጣችሁኝ፣ ጀርሙን ከእኔ ጋር አላመዳችሁት። የቀረኝ አቅም ትንሽ ነው፤ አንዱን ሳባርር እጅ ሌላ ያመጣል።»

ወደ ሳሙናው ሄደች። «መድኃኒት አላስወጣም አለ፣ ጀርም አልወጣም አለ፣ ቁስል አልሽርም አለ፤ እባክህ እጅን እጠብ!»

«ያልመጣልኝን እጅ አላጥብም» አለ ሳሙናው። የሚነካው አጥቶ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

እጇን አየችው። «ሳሙና አላጥብም አለ፣ መድኃኒት አላስወጣም አለ፣ ጀርም አልወጣም አለ፣ ቁስል አልሽርም አለ፤ እባክህ ታጠብ!»

«አልታጠብም፤ ይሉኝታ ይዞኛል። የተኛውን ሁሉ ጨብጬ ‹እግዜር ይማርህ› ካላልኩ፣ ጨብጬም ከታጠብኩ፣ ‹ተጸየፈችን› አይሉሽም?»

ይህን ብሎ እጇ ሳታዘው ተነሣ፤ ወደ ጎረቤት አልጋ፣ ወደ እማማ አመለወርቅ ተዘረጋ። ያኔ ከእማማ ፋሻ ሥር የትሁኔ ድምፅ ሳቀ። ከወዲያኛውም አልጋ ሳቀ። በየቀኑ በጨበጠችው ሁሉ አልጋ ላይ የልጇ ድምፅ ይስቃል። ማን አዳርሶት እንደሆነ ገባት።

በግራ እጇ ቀኟን ለቀም አደረገች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልጨብጥዎትም።»

«ጠላሽኝ እንዴ፣ ልጄ?»

ጠያቂው ሁሉ ዞሮ አያት። ዘርፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያም ሆኖ እጇን አልለቀቀችም።

ይሉኝታ እጅን ለቀቀ፤ እጅ ታጠበ፣ ሳሙና አጠበ፤ ጠያቂውም አይቶ በሩቁ እጅ ይነሣ ጀመር። ሌላ ጀርም መምጣቱ ሲቀር መድኃኒት አስወጣ፣ ጀርም እያጉረመረመ ወጣ፣ ቁስልም ቀስ እያለ ሻረ።

ትሁኔ በሁለት እግሯ ቆማ የምትወጣበት ቀን ደረሰ። ዘርፌ እንባዋን እየዋጠች ለእማማ አመለወርቅ ከበሩ ላይ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«በሰላም ግቢ፣ ልጄ፤ አልተቀየምኩሽም» አሉ እማማ። ፋሻቸውን ዳሰስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔም ሰሞኑን መሳቁን ትቷል።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ እጃችሁን ግን በሩቁ።