ሙሉነው

ከአባይ በረሃ አፋፍ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል፣ ጥቁር ውሃ ከሚሉት ወንዝ ወዲህ ባለው ጉብታ ላይ፣ ሙሉነው የምትባል መንደር አለች። እንግዳ ስሟን ሲሰማ ወይ የአንድ ባላባት ስም ይመስለዋል፣ ወይ አገሩ ምን ያህል እህል ቢያበቅል ነው ብሎ ይጓጓል፤ ደርሶ ድንጋያማውን መሬት ሲያይ ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መንደርተኛው ይህን ፈገግታ ለምዶታልና አይቀየምም። በዚያች መንደር ልጅ ስትዳር፣ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ የመጡ ሽማግሌዎች ከመቀመጣቸው በፊት ወደ ጎታው ሄደው ያንኳኳሉ፤ ጎታው ውስጥ እህል ሳይሆን የቤቱ ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ልጁ ከውስጥ ሆኖ የሚሰጣት አንዲት መልስ አለች፤ እሷን ሳይሰማ ስለ ሠርጉ ትንፍሽ የሚል የለም።

ነገሩ የተጀመረው፣ እንደሚነገረው፣ ጥጋቡ በሚባል ሰው ቤት ነው። ስሙ ጥጋቡ ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ቤቱ የገባው ረሀብ ነበር፤ ሊታጨድ የደረሰ ጤፉን በረዶ አራግፎበት፣ ፋሲካ ሳይደርስ ጎታው ተሟጦ አልቆ ነበር ይባላል። በረዶው የወረደው በጉብታው ወገን ብቻ ስለነበር ማዶ ያሉት ሰዎች የደረሰበትን በውል አያውቁም፤ ትልቋ ልጁ ማንጠግቦሽ የታጨችው ደግሞ ለማዶ ሰው ነው። አማቾቹ ቤቱ ባዶ መሆኑን ከሰሙ ልጅቱ ታጭታ ልትቀር ነው ብሎ ፈራ፤ በዚያ ዘመን ታጭታ የቀረች ልጅ ዕጣ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው በፍርሃቱ አይፈርድበትም።

ጎታውን የሠራችው ሚስቱ አንጓች ነበረች። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር ራሷ አሽታ፣ ከጎረቤት ጎታ ሁሉ አወፍራ አቁማው ነበር፤ ሰው ይህን ያህል ጭቃ ምን ያደርግልሻል እያለ ሲቀልድባት እንደኖረም ይነገራል። ጥጋቡ የዚህን ጎታ አፍ፣ አዝመራው እንደሰመረለት ሰው፣ በጭቃ መርጎ ደፈነው። ሆኖም ባዶ ጎታ ሲነካ ድምፁ ያሳብቃል፤ ስለዚህ ልጆቹን ሰብስቦ፣ እንግዶቹ ጎታውን ቢያንኳኩ ድምፁን በድምፃቸው እንዲሸፍኑለት፣ ሳይጠየቁም ሙሉ ነው እንዲሉ አስጠናቸው። ታናሿ ብርቄ ገና አፏን በወጉ ያልፈታች ስለነበረች እሷን ደጋግሞ አለማመዳት፤ እሱ ቆርቆር ያደርጋል፣ እሷ ሙሉ ነው ትላለች። አንጓች ይህን እያየች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር ይላሉ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ሦስት ነበሩ፤ አነጋጋሪያቸው ጓንጉል የሚባል፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። ጥጋቡ መደቡን አንጥፎ ከጎታው አርቆ አስቀመጣቸው፤ ጓንጉል ግን ወገቤን ያመኛል ብሎ ተነሣና ጎታውን ተደግፎ ተቀመጠ። ጥጋቡን ላብ አጠመቀው። ሰውየው በተነቃነቀ ቁጥር ጥጋቡ ልጆቹን በዓይኑ ይቆጣቸዋል፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህን የሚተርኩት ሴቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ፤ ከዚህ በኋላ ግን የሚስቅ የለም።

በድንገት ቤቱ ጨለመ። ከብቱ በረቱን ጥሶ ሲሮጥ ተሰማ፤ ከዚያ የወንዝ ሙላት የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ወንዙ ግን በዚያ ወር ደረቅ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ወደ በሩ ወጣ ብሎ ሲመለስ በእጁ ወደ ማዶ አመለከተ። ከሰማይ እስከ መሬት የቆመ ጥቁር አውሎ ነፋስ የጎረቤትን የጭድ ክምር፣ አጥሩን፣ ዋርካውን ከነሥሩ እያሽከረከረ ወደ ጉብታው ይወጣ ነበር። ሰዎቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ስለማያውቁ መሸሽ እንኳ አላሰቡም፤ ፈዝዘው ቆሙ። ጭቃው ከግድግዳው መርገፍ ሲጀምር አንጓች ብርቄን ከመሬት አንሥታ ባሏን አየችው።

«ክፈተው» አለችው።

አንጓች ባሏን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ጥጋቡ ግን ሽማግሌዎቹን አየ፣ ልጁን ማንጠግቦሽን አየ፤ አልከፈተም።

«ይዩት። ክፈተው እኮ ነው የምልህ!»

ያን ጊዜ ጥጋቡ የጎታውን አፍ በክርኑ መታው። ምርጊቱ ፈርሶ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ቁራሹ ባዶው ወለል ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንኳ ለሁሉም ተሰማ ይባላል። ጓንጉልም ሰማ። ብርቄንና ሁለቱን ወንድሞቿን እየተቀባበሉ ወደ ጎታው አወረዷቸው፤ የቀሩት እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎታውን ዙሪያውን አቀፉት፤ ማንጠግቦሽም በአባቷና በጓንጉል መካከል ገባች። ሙሽራ ልትሆን የታጨች ልጅ የአማቾቿን ሽማግሌ እጅ ጨብጣ መቆሟን ነውር ነው ያለ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደንብ የሚናገር የለም። የሚታወቀው፣ ክዳኑ እንዳለ ተነቅሎ መሄዱ፣ ምሰሶውም ተከትሎት መውጣቱ፣ ግድግዳው ወደ ውጭ መውደቁ ነው። ክዳኑን በማግስቱ ከወንዙ ማዶ እንደ ሰፌድ ተደፍቶ አገኙት። የጓንጉል በቅሎም ከነኮርቻዋ እዚያው ማዶ ስትግጥ ተገኘች የሚሉ አሉ፤ ይህን ግን እኔ አላምንም።

ነፋሱ ሲያልፍ ሁሉ ነገር ጭጭ አለ። ቀና ሲሉ በላያቸው ሰማይ ነው፤ ዙሪያቸውን ሲያዩ ቤት የነበረው ቦታ ሜዳ ሆኗል፤ በሜዳው ላይ የቆመው ጎታው ብቻ ነው። ከጎታው ውስጥ ግን ድምፅ የለም። አንጓች ጆሮዋን ጎታው ላይ ለጠፈች። ጥጋቡ ወደ ጎታው አፍ ተንጠራርቶ ማየት ፈራ፤ ግንባሩን ጭቃው ላይ አስደግፎ ቀረ። ያን ጊዜ ጓንጉል በጣቱ አጥንት ጎታውን ቆርቆር አደረገው።

«ሙሉ ነው» አለች ብርቄ ከውስጥ።

ወንድሞቿም ተከትለው ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው አሉ። ጥጋቡ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከልጆቹ መትረፍ ደስታ ጋር ኀፍረቱም አብሮ ነበረበት፤ ስለ ጎታውም ይቅርታ ሊጠይቅ ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ሊወድቅ ሞከረ። ጓንጉል ትከሻውን ይዞ አቆመው።

«ሙሉ ነው ተብለናል፣ ጥጋቡ» አለው። «እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ።»

ቀኑም እዚያው፣ ክዳን በሌለበት፣ በፍርስራሹ ላይ ተቆረጠ። ቤቱን የማዶ ሰዎች ከጉብታው ሰዎች ጋር በደቦ መልሰው ሠሩት፤ ማንጠግቦሽም በዚያው ግንቦት ተዳረች ይባላል። ጎታውን ያንኳኳው ጥጋቡ ነው እንጂ ጓንጉል አይደለም የሚሉ ወንዶች አሉ፤ እኔ የሴቶቹን እቀበላለሁ፤ ጎታ የሚሠሩት እነሱ ናቸውና።

ዛሬ የሙሉነው ቤቶች አብዛኞቹ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ናቸው፣ እህሉም የሚቀመጠው በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ልጅ ሲዳር ግን ጎታ የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል። ባለፈው ዓመት በአንድ ቤት ተገኝቼ ነበር። ሽማግሌው አንኳኩ፤ ልጁ ዝም አለ። ኋላ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር ተነገረን፤ ያን ጊዜ ግን ያወቀ የለም። እናቱ ደረቷን ያዘች። ሽማግሌው ሁለተኛ አንኳኩ፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ አንጋጦ ጣሪያውን ያይ ነበር።