ዋጋ ሊጠራ ከመኪና የወረደው መንጣሪ

አንድ ዘርጋው የሚባል መሬት መንጣሪ ነበር። በምንጣሮ ሥራ ስማቸው የገነነ አንድ አዛውንት ነበሩና፣ የእሳቸውን ስምና አሠራር ይዞ፣ በየዓመቱ ድርሻቸውን እየከፈለ በራሱ ወረዳ ይሠራል። ያለውን ሁሉ አሟጦ ትራክተር ገዝቷል። ቁጥቋጦ ይጥላል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ ጫካውን እርሻ ያደርጋል።

እዚያ አካባቢ የመንጣሪ ጉብዝና የሚለካው በዋጋ አቆራረጡ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አንዴ ገልመጥ አድርጎ “ለሄክታሩ ይህን ያህል” ያለ ሰው “እሱማ ዓይኑ ሚዛን ነው!” ይባልለታል። ዘርጋው ይህን ውዳሴ ወደደው። ሣር ያለበትንም ግራር የሞላበትንም በአንድ ዋጋ ይቀበላል። ሥራው ጎረፈ። ምን ያደርጋል! ሥራው በበዛ ቁጥር ኪሱ ሳሳ። እስቲ አሁን፣ ሰው ቀን ተሌት እየለፋ ይደኸያል?

በመጨረሻ ትራክተሩን ሊሸጥ ደላላ ጠራ። ትራክተሩ ከሄደ እንጀራውም ሄደ ማለት ነው። ሚስቱ አትጠገብ ጥግ ይዛ ስታለቅስ አዛውንቱ ሊጠይቋቸው ደረሱ።

“ጋሼ፣ ሥራማ ሞልቶኛል፤ ገንዘቡ ነው የሚገባበት የጠፋኝ” አላቸው ዘርጋው።

“አንድ ወር ሙሉ ተኝተህ ብትከርም የማይቀርልህ ወጪ የቱ ነው?”

“የቢሮ ኪራይ፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ የእርስዎ ድርሻ።”

“ትራክተሩ ካልተነሳ የማታወጣውስ?”

ዘርጋው አሰበ። “ናፍጣ፣ የሚሰበረው የብረት ጥርስ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጉቶውን የሚያነሳው መኪና...”

“እሱን ነው መሬቱ ራሱ የሚበላው፣ ልጄ! ሜዳው ጥቂት ይበላል፣ ግራሩ ብዙ። መጀመሪያ ከምትቀበለው ዋጋ ላይ እሱ ይነሳ። ኪራዩም ድርሻዬም ከተረፈው ይወጣል፤ ያንተ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።”

“አይ የኔ ነገር!” ዘርጋው ራሱን ያዘ። “ለካ ግራሩን ስመነጥር ከኪሴ እየጨመርኩ ነው!”

ደላላውን በዚያው አሰናበተው።

በሳምንቱ አንድ ባለሀብት ሰሊጥ ሊዘሩበት ያሰቡትን፣ ግራር የሞላበትን ሰፊ መሬት ለማስመንጠር መንጣሪዎችን ጠሩ። ሌሎቹ በመስኮታቸው እያዩ ዋጋ ሰጡ። ዘርጋው ግን ወረደ። እሾኹ ውስጥ ገባ፣ ጉቶ ሥር ቆፈረ፣ ሱሪው ተቦጫጭቆ ወጣ። “ዛሬስ ዓይኑ ጠፋ!” ብለው ሳቁበት። የጠራው ዋጋ ደግሞ የእነሱ እጥፍ ነበር።

“ምነው ወንድሜ፣ አበዛኸው!” አሉ ባለሀብቱ።

“ይምጡ ጌታዬ፣ ላሳይዎት። ይሄ ሥር ብረት ይሰብራል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ናፍጣ ይጨርሳል። በእነሱ ዋጋ የጀመረ ሰው መሃል ላይ ጥሎዎት ይሄዳል፤ የዘር ወቅቱም ያልፍብዎታል። እኔ እጨርሳለሁ።”

ባለሀብቱ ጎንበስ ብለው የተቆፈረውን አዩ። “በል ጀምር!” አሉ።

ጀመረ፤ ጨረሰም! ዝናቡ ሳይጥል መሬቱን አጽድቶ አስረከበ። ሠራተኞቹ ተከፈሉ፣ ኪራዩ ተከፈለ፣ የአዛውንቱ ድርሻ ተላከ፤ ለዘርጋውም ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ገንዘብ ተረፈው። አትጠገብ እልልታዋን አቀለጠችው። በዓመቱ ሁለተኛ ትራክተር ገዙ፤ የሳቁበትም መንጣሪዎች ዋጋ አወጣጥ ሊጠይቁት በሩ ላይ ይመላለሱ ጀመር።

ወዳጆቼ፣ ብዙ መሥራትና ማትረፍ ለየቅል ናቸው። ሥራም ይሁን ዕቃ የምትሸጡት፣ ያ ነገር ራሱ ምን ያህል እንደሚበላ ሳታውቁ ዋጋ አትጥሩ። እስቲ ዛሬ የያዛችሁትን ሥራ አስቡት፤ እሱ ነው ለእናንተ የሚከፍለው፣ ወይስ እናንተ ናችሁ ለእሱ የምትከፍሉት?