የእሑድ ድልድዮች

አንድ የመንገድ ሥራ ካቦ ነበረ። ስሙ ልሳኑ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአገሩ ወንዞች ላይ ድልድይ ሲሠራ ስለኖረ ጣቶቹ በድንጋይና በሲሚንቶ ደንዝዘው ብዕር መያዝ አቅቷቸው ነበር። ደብዳቤ ሲያስፈልገው እሱ ይናገራል፣ ሚስቱ ደብሪቱ ትጽፋለች። እሱ ከግርጌው በወፍራም እርሳስ አንዲት የድልድይ ቅስት ይሥላል። ፊርማው ያቺ ነበረች።

ኅሩይ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ምህንድስና እንዲማር ባሕር ማዶ ተላከ። የሄደበት ከተማ በትልቅ ወንዝ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በወንዙም ላይ ብዙ ድልድዮች አሉበት። አባቱ ይህን በሰማ ጊዜ ሚስቱን አስቀምጦ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አስጻፈ።

«እኔ ከእንግዲህ ያንን አገር አላይም። በየእሑዱ አንድ ድልድይ ሄደህ እይልኝ። ስንት ቅስት እንዳለው ቁጠር። ርዝመቱን በእርምጃህ ለካ። ድንጋዩን ዳስሰህ ሻካራ ይሁን ለስላሳ ጻፍልኝ። ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ያየህ እንደሆነ ለእናትህ ጻፍላት።»

«ሙዚየም እኔ መቼ አማረኝ?» አለች ደብሪቱ ብዕሯን አንሥታ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ። ኋላ አባቴ ከድልድይ ሌላ አያውቅም እንዳይለኝ።»

የኅሩይ ኑሮ እንደ ማንኛውም የሰው አገር ተማሪ ኑሮ ነበር። ሙባረክ ከሚባል የሐረር ልጅ ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። ድንችና ጎመን ቀቅለው ከቤት በተላከላቸው በርበሬ ይበላሉ፤ በርበሬው ያለቀ ቀን ሁለቱም ያኮርፋሉ። ካልሲያቸውን በማሞቂያው ብረት ላይ ያደርቃሉ። ቋንቋው እስኪገባቸው ድረስ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ እያዩ አብረው ይስቁ ነበር። እሑድ ሲመጣ ግን ኅሩይ የሙባረክን ካሜራ ተውሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጻፈ።

«አባዬ፣ አንበሶች ከድንጋይ የተቀረጹበትን ድልድይ ለካሁት። አራት መቶ ሃያ እርምጃ ነው። መሬት መሬት እያየሁ ስቆጥር አንድ ፖሊስ ጠርቶ ‹ምን ጠፋብህ?› አለኝ። የጠፋብኝ የለም፣ አባቴ ለካልኝ ብሎኝ ነው አልኩት። ‹አባትህ ምን ሊያደርግለት?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። ቁጥሩንም አሳተኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።»

አባቱ ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለፖሊሱ እንዲህ በለው» ብሎ አስጻፈ፤ «ድልድይ መሥራት ምን እንደሚያደክም የሚያውቅ ሰው ነው የጠየቀኝ በለው።»

በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ፣ በጥቅምት ወር ልሳኑ ከሥራ ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ ደረቱን ይዞ ወደቀ። እንደ ወደቀም አልተነሣም።

በሠልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ልጁ ተነጋገሩ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ንጋቱ እንዲህ አሉ።

«አሁን ቢነገረው ማን ይይዘዋል? ዘመድ በሌለበት አገር ግድግዳ ይዞ ይጩህ? የቀረው አሥር ወር ነው። ይጨርስና ይምጣ። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ በሥርዓቱ መርዶውን ይሰማል።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ «አባቱ ሞቶበት እንዴት አይነገረውም?» አለች።

«እንዴት ይነገረዋል በይ እንጂ» አሏት አቶ ንጋቱ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብሪቱም ነቀነቀች።

በሳምንቱ ከኅሩይ ደብዳቤ መጣ። «ይድረስ ለአባዬ» ይላል። በጉም ውስጥ ስላየው የብረት ድልድይ ነበር የጻፈው፤ ብረቱ በብሎን ይሁን በብየዳ የተያያዘ መለየት አቅቶት አባቱን ይጠይቃል። ደብሪቱ ደብዳቤውን አንብባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወረቀት አውጥታ «እኔ ደኅና ነኝ» ብላ ጻፈች። የባሏን አነጋገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እጇም ለምዶታል። ያስቸገራት ቅስቱ ነበር። የመጀመሪያው ተጣመመባት። በጋዜጣ ዳር ላይ ስትለማመድ ዋለችና በመጨረሻ ቀናላት።

በመጀመሪያ ለልጄ ስል ነው የማደርገው ትል ነበር። ሁለት ሦስት ደብዳቤ ከጻፈች በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። በሩን ዘግታ የባሏን ወንበር ፊት ለፊቷ ታደርግና «ምን ልበለው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱም ይመጣላታል። በወረቀቱ ላይ ልሳኑ ይቆጣል፣ ይቀልዳል፣ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። በዓለም ላይ ልሳኑ ያልሞተበት አንድ ቦታ ቀርቷል፤ እሱም የልጇ ክፍል ነው። ያንን በር በገዛ እጇ መዝጋት አልቻለችም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሰው ሲጠይቃት «ለልጁ ብዬ ነው» ትላለች፣ ሰውም «አይ እናት» እያለ ያመሰግናታል።

ኅሩይ በነሐሴ ተመርቆ መጣ። ማታውን አባትህ ለሥራ ወጥቷል ተብሎ አደረ። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ግራና ቀኙን ሁለት ጠንካራ ወንዶች ቆሙ፤ ያቆመቻቸው እናቱ ነበረች። መርዶው ተነገረው፤ ወደቀ፣ አነሡት፣ ያዙት፣ ውሃ ረጩት። ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ኅሩይ ለአባቱ የላካቸውን ፎቶግራፎች ከሣጥን አውጥቶ አልጋው ላይ በየቀናቸው ደረደራቸው።

«እማዬ፣ ይሄን ድልድይ ሳይ አባዬ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ይሄንንስ?»

«አልነበረም፣ ልጄ።»

አንዱን አንሥቶ አሳያት። ከተማሪዎች ጋር በድልድይ ላይ በረዶ እየተወራወረ የተነሣው ነው። አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ በሣቅ ጠፍቷል። ከጀርባው «አባዬ፣ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚህ ስቄ አላውቅም» ብሎ ጽፎበታል። ቀኑም አለበት።

«ይቺስ?»

ደብሪቱ ቀኑን አየችና ዓይኗን ከፎቶግራፉ አነሣች።

«ንገሪኝ።»

«አርባው ነው።»

ኅሩይ ፎቶግራፉን በፊቱ ደፋው። «አልቅሼም እፈተን ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን ይይዝህ ነበር?»

«ሙባረክ ነበረ። የሱ እናት ስትሞት ደብዳቤ መጣለት። እኔ ያዝኩት። ሦስት ቀን ከአጠገቡ አልተነሣሁም፤ እሱ ሲያለቅስ እኔ ድንች እቀቅልለት ነበር። በአራተኛው ቀን ፊቱን ታጥቦ ክፍል ገባ። እኔ ግን አሁን የቱን እንደማለቅስ አላውቅም። አባዬን ላልቅስ? ወይስ አሥር ወር ሙሉ ሲስቅ የነበረውን ሞኝ?»

ደብሪቱ ስለ ወንበሩ ልትነግረው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

በመስከረም ኅሩይ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመለሰ። ከሄደ በኋላ ደብዳቤዎቹ አጫጭር ሆኑ፤ ድልድይም አይነሣባቸውም። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ድንገት ረዘሙ። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ፎቶግራፍ አለ። ኅሩይ በሰዓት ማማው ሥር፣ ኅሩይ በነገሥታቱ መቃብር ደጃፍ፣ ኅሩይ በእንስሳት መጠበቂያው ውስጥ ቀጭኔ ሲያይ። «ቀጭኔዋ የአገሯ ሰው መሆኔን ያወቀች ትመስላለች፤ አንገቷን ዘርግታ ባርኔጣዬን ልትበላ ነበር» ይላል። ደብሪቱ፣ ልቡ ታርቆኝ ነው ብላ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ደስ ያላላት አንድ ነገር ነበር። ደብዳቤዎቹ አይመልሱም። «ያ የሚያምህ ጥርስ ተሻለህ?» ብላ ብትጽፍ ስለ ጥርሱ አንድ ቃል የለም። እንደገና ብትጽፍም የለም። ፖስታው እየጠፋብኝ ይሆናል አለች። አንድ ጊዜም በየካቲት በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ ልጇ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ቆሞ አየችው። በየካቲት ያ አገር በበረዶ እንደሚሸፈን የጻፈላት እሱ ራሱ ነው። አንድ ሞቃት ቀን ወጥቶላቸው ነው አለች፤ ራሷንም አሳመነች።

በመጋቢት አንድ ቀን ጎረቤቶቿን ሰብስባ የቀጭኔዋን ደብዳቤ አነበበችላቸው። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አቶ ንጋቱ መሬት መሬቱን እያዩ ቆዩና ሥራ አለብኝ ብለው ወጡ።

በሰኔ ወር፣ ገና ጎሕ ሲቀድ የግቢዋ በር ተንኳኳ። ደብሪቱ ከፈተች። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም ቃል ሳያወጣ ሁለት ሴቶች መጥተው ግራና ቀኟን ቆሙ።

«አትያዙኝ» አለች። «ይሄን እኔም አውቀዋለሁ።»

ከአቶ ንጋቱ ኋላ አንድ የማታውቀው ወጣት ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ሙባረክ ነበር። ልቅሶው ጋብ ሲል ደብሪቱ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«መቼ ነው?»

«በጥር ማለቂያ ነው፣ እናቴ። በሽታውን ሳንባው ላይ ነው ያገኙበት። በኅዳር ነው የነገሩት፤ እንደማይድን ያውቅ ነበር።»

«ስንት ደብዳቤ መጥቶልኛል ከጥር ወዲህ!»

ሙባረክ አንገቱን ደፋ። «አልጋ ላይ ሆኖ የጻፋቸው ናቸው። ቀኑን ወደፊት እያደረገ ጽፎ፣ የድሮ ፎቶግራፎቹን በየፖስታው ከቶ ሰጠኝ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እንዳስገባ አስማለኝ። ለምን አትነግራትም አልኩት። እኔን ያተረፈኝ የእናቴ የመርዶ ደብዳቤ ነው፣ ንገራት አልኩት። ‹አባቴ የለም፣ ብቻዋን ናት። ማን ይይዛታል?› አለኝ። ሲብስበት ደግሞ ‹እማዬ እንዲህ ያደረገችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ› አለ። ተቆጥቶ እንዳይመስልዎት። ከልቡ ነበር።»

ደብሪቱ ወደ አቶ ንጋቱ ዞረች። «እርስዎስ መቼ አወቁ?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «በየካቲት ልጁን ለትምህርት ከላከው መሥሪያ ቤት ተነገረን። የሚያውቅ ሰው መጥቶ አሟሟቱን ይንገራት ብለን ቆየን። ከዚያ ፋሲካ ሆነ። በዓሉን አናበላሽባትም አልን። ከዚያ ደግሞ…» ንግግራቸውን አልጨረሱም።

«በመጨረሻው ቀን ይዘኸው ነበር?» አለችው ሙባረክን።

«እጁን ይዤ ነበር።»

ደብሪቱ ያን ቀን ምን ስታደርግ እንደነበር አሰበች። በጥር ማለቂያ ስለ ጥርሱ ስትጽፍ ነበር። በአርባው ስለ ቀጭኔዋ ስትስቅ ነበር። ልጇ በአልጋው ላይ ደርድሮ ያሳያትን ፎቶግራፍ ያን ጊዜ አይታው ነበር፤ የገባት ግን አሁን ነው። ተነሥታ ሄደች፣ የባሏን ወንበር ከነበረበት አንሥታ ከሌሎቹ ወንበሮች ጋር ለለቀስተኛ አወጣችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሠፈር ሰው ሞቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ «የሩቁ ልጅ ይቆይ» ሲባል ደብሪቱ ከሴቶቹ መካከል ትነሣለች። ወረቀት ስጡኝ ትላለች። የሚከለክላት የለም። የምትጽፈውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የሞተውን ሰውና የሞተበትን ቀን ትጽፋለች። ቀጥላ «አጠገብህ ያለውን ሰው ጥራና ይህን አንብብለት። ከዚያ አልቅስ» ትላለች። ከግርጌው ምንም አትሥልም።

ከሰው ላይ ሐዘኑን የደበቀ ሰው ከሐዘን ያዳነው ይመስለዋል። ነገር ግን ሐዘኑ አይቀርም፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ሳቁን አብሮ ያበላሻል። ለሩቁ ሰው ስንል ደበቅን እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንራራው ለራሳችን ነው፤ ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ መስማት ስለምንፈራ ነው። የምንወዳቸውም መደበቅን ከእኛ ይማራሉ፤ ተምረውም አንድ ቀን ለእኛው ያደርጉልናል።

ዛሬ በሩቅ አገር ሆኖ ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ልጅ አለህን? እኛስ፣ ዛሬ ከደረሰን ደብዳቤ መካከል ጥያቄያችንን ያልመለሰ የትኛው ነው?