በውርንጭላው ጆሮ ላይ የወደቀች ጠብታ

አንድ ጊዜ፣ በልጉም ክረምቱም ተከታትለው በቀሩበት ዘመን፣ በአንድ ከተማ ዳር፣ በአስፋልቱና በኮብልስቶኑ መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ዙሪያውን ድንጋይ ስለተነጠፈበት፣ ለሥሩ የተረፈችው ባዶ መሬት ከአንድ ሰሌን አትበልጥም። ጥላው ግን ሰፊ ነበር።

እመት አህይት ቀኑን ሙሉ ከቦኖው ውሃ በጀሪካን ታመላልሳለች። ጠዋት ጠዋት ጌታዋ ወረፋ ይዞ ተራው እስኪደርስ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ጭነቷን አራግፋ፣ የምታርፈው በዚህ ዋርካ ሥር ነው። ውርንጭላዋንም የወለደችው እዚያው ነው፤ አስፋልቱ በሚያቃጥልበት በሚያዝያ ቀትር፣ ቅጠሎቹ ቀዝቃዛ ትንፋሽ እያወረዱላት። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ከመተኛቷ በፊት ግንባሯን ከግንዱ ጋር ታሻሻለች። ምስጋናዋ ይኸው ነው።

አራዊቱ በዚህ ዋርካ ላይ የቆየ ስምምነት ነበራቸው። ዋርካው በሕይወት እስካለ ድረስ ከጥላው ሥር ማንም ማንንም አይነካም። የሞተ ነገር ግን የትም ይሁን የት የጅብ ነው።

ድርቁ በጠና ጊዜ ዋርካው ቅጠሉን ማርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ገና ያልበሰለው ረገፈ። የቀሩትም ጠርዛቸውን ጠቅልለው ተንጠለጠሉ። ቀትር ላይ ያ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጠፋ።

በዚህ ደስ ያላት እመት ቀበሮ ብቻ ነበረች። ከዋርካው ጫፍ ላይ አንዲት ዋኖስ ሁለት ጫጩት ታሳድግ ነበርና፣ ቀበሮ ወደ ላይ እያየች አንገቷ ከታመመ ከርሟል። እናም አያ ጅቦ ወደሚተኛበት የጎርፍ ቱቦ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ዋርካው እኮ ሞቷል» አለችው።

«ቆሞ እያየሁት?»

«አጥንትስ ይቆም የለ? ሥጋው ረግፎ አጥንቱ ነው የቀረው። አጥንት ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ለእርስዎ አልነግርም።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «መቅን» አለ።

ልጡን ዙሪያውን ቢግጠው ዛፉ በራሱ ጊዜ እንደሚወድቅ፣ እሷም ከጫፉ ላይ ከሚወርደው ትንሽ ነገር በቀር ምንም እንደማትፈልግ ነገረችው። ከሥሩ የተኙትን አህይትንና ውርንጭላዋን በተመለከተም፣ ዋርካው ከሞተ ስምምነቱም አብሮ መሞቱን ጣል አደረገችለት።

የመጡት ልክ በቀትር ነበር። ሰዓቱን የመረጠችው ቀበሮ ናት። አያ ጅቦ አፍንጫውን ከአንድ ቅጠል ሥር ለጥፎ ብዙ ቆየ።

«አይተነፍስም» አለ።

«እንግዲህ» አለች ቀበሮ፤ ዓይኗም ወደ ውርንጭላው ሄደ።

አህይት ልጇን ከኋላዋ አደረገች። እንዳትሮጥ፣ የልጇ እግር ገና አልጠናም። ስለዚህ ቆማ ተናገረች። «አያ ጅቦ፣ ነገ ጠዋት ይምጡና ያሽትቱት። ያን ጊዜም ካልተነፈሰ ዋርካውም የእርስዎ፣ እኛም ከሥሩ አንነሳም።»

ቀበሮ ሳቀች። «ነፍስ ያለው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው እንዴ የሚተነፍሰው? ወይስ እንደ ጌታሽ ቀትር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል?»

አያ ጅቦ ግን እያሰበ ነበር። ዛሬ አባሮ አንዱን ከሚይዝ፣ ነገ ዋርካው፣ አህይትና ውርንጭላው ሦስቱም ሳይሮጡ ይጠብቁታል። «አንድ ሌሊት መቅን አያደርቅም» ብሎ ሄደ።

አህይት ይህን ሁሉ የደፈረችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ንፋስ ያመጣው አንድ ሰማያዊ ፌስታል ዝቅ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ተጠልቆ፣ ጥቂት ቅጠሎችን እንደ ከረጢት ይዟል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከፌስታሉ ቀዳዳ አንድ ጠብታ ትወርድና ውርንጭላው ጆሮ ላይ ታርፋለች። እሱም ጆሮውን ያራግፋል። ሰማዩ ደመና የለው፣ ጠብታዋ ከየት መጣች? ቀትር ላይ ደግሞ ለምን ትጠፋለች? አህይት አንድ ወር ሙሉ አይታዋለች። ለማንም አልተናገረችም፤ አህያን ማን ይጠይቃል።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱም ደረሱ። ፌስታሉ ውስጥ ገና ውሃ አልነበረም። ጠበቁ። አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። ቀበሮ ጀንበሯ ከፍ ማለቷን አንዴ ተናገረች፣ ሁለቴ ተናገረች። አህይት ልጇን ከጎኗ አስጠግታ ዓይኗን ከፌስታሉ አልነቀለችም።

ከዚያ ፌስታሉ ከውስጥ ጉም ለበሰ፤ ድስት ላይ እንደተከደነ ክዳን። ጉሙ ተጠራቅሞ ጠብታ ሆነ፣ ጠብታው ተንሸራተተ፣ ውርንጭላው ጆሮ ላይ ወደቀ። ውርንጭላው እንደ ልማዱ ጆሮውን ቢያራግፍ ከአያ ጅቦ አፍንጫ ላይ አረፈ። አያ ጅቦ ላሰው።

«ውሃ ነው።»

«ጤዛ ነው» አለች ቀበሮ ፈጥና።

«ጤዛ ከውጭ ነው የሚያርፈው» አለች አህይት። «ፌስታሉን በውጭ በኩል ይላሱት፣ አያ ጅቦ።»

ላሰውና አቧራ ተፋ። አፍንጫውን ወደ ውስጥ ቢያስገባ ረጠበ። ብዙ አሰበ። «የሞተ አያልበውም» አለ በመጨረሻ፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። «ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አለኝ?»

አህይት ወደ ቦኖው ዞር አለች። ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

«ያንን ወረፋ ያዩታል? ፊት ያለው ቀድቶ ሲወጣ ከኋላ ያለው ሁሉ አንድ እርምጃ ይከተላል። በዚህ ዛፍ ውስጥም እንዲሁ ነው። አንዷ ጠብታ በቅጠሉ ደጅ ስትወጣ፣ ሌሎቹ ተያይዘው እስከ ሥሩ ድረስ ይሳባሉ። ሥሩ የሚቀዳው ካጣ ግን ወረፋው ሊበጠስ ነው። ስለዚህ ፀሐዩ ሲከር ቅጠሎቹ ደጃቸውን ይዘጋሉ፤ ጠዋት ለብ ሲል መልሰው ይከፍቱታል። እኔ ከቦኖ ወደ ታች እሸከማለሁ፣ እሱ ከመሬት ወደ ላይ። ውሃ ተሸካሚ ውሃ ተሸካሚን ያውቃል።»

አያ ጅቦ ሁሉም አልገባው ይሆናል። መቅን አለመኖሩ ግን ገብቶታል። ቀስ ብሎ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮም እግሯን አየች፤ ቅጠሉ በመሳሳቱ ጥላው ጠቧል፣ እሷም የቆመችው ከጥላው ውጭ ነው። የረሳችው ጉዳይ ትዝ እንዳላት ተናግራ ሳትጨርስ ሮጠች። አያ ጅቦም ተከተላት። በዚያ ሰፈር ዳግመኛ አልታየችም።

ክረምቱ ገባ፤ ዘንድሮ አልቀረም። ዋርካው አቆጠቆጠ፣ የዋኖሷ ጫጩቶችም በረሩ። አንድ ጠዋት አህይት ከግንዱ በፊት ወደ መሬት ጎንበስ አለች። በዚያች የሰሌን ታህል መሬት ላይ የረገፉት ቅጠሎች ተነጥፈዋል። ከሥራቸው ያለው አፈር በድርቁ ሁሉ እርጥበቱን አልለቀቀም ነበር። አፏን ከእነሱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

ውርንጭላው፣ አሁን እግሩ ጠንቶለታል፣ ሳቀባት። «እማዬ፣ ጥላ የሚሰጡን ከላይ ያሉት ናቸው። ለደረቀ ቅጠል ምን ብለሽ ነው የምታጎነብሺው?»

«ውሃው ለሁሉ እንደማይደርስ ባዩ ጊዜ» አለችው፣ «ወረፋቸውን ለቀው የወረዱልን እነዚህ ናቸው፣ ልጄ።»

ልጁም ሳቁን ትቶ አጠገቧ ጎንበስ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ይሰጠን የነበረ እጁን ሲሰበስብ ሞተ ወይም ጨከነ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ለነገ ሲል ምን እንደያዘልን መመልከት፣ ከፊታችን ያለውን ስናመሰግንም ለእሱ መቆም ብለው የወደቁትን አለመርሳት እንደሚገባን ነው።