የመንበሩ በሬ

ድሮ ነው። ሰማይ የአሞራ ብቻ መሆኗ ያበቃበት፣ መሬት ግን ገና የጌቶች ብቻ የሆነችበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን እዚሁ መንደራችን ሽመል በር፣ መንበሩ የሚባል ድሃ ገበሬ ነበር።

እርሻው ሜዳ ነው፤ ድንጋይ የለው፣ ጉብታ የለው። ይኸው ለጥ ማለቱ ጠላት ሆነበት። ፊታውራሪ አስናቀ የጥጥ እርሻቸውን ሲያሰፉ የግል አውሮፕላን ማረፊያ አማራቸው፤ የመንበሩን መሬት አዩና ወሰዱት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አይደል! ወሰዱትና በገዛ መሬቱ ላይ ዘበኛ አደረጉት። ዳር ላይ ካለችው ጎጆውና ከስሙ በቀር ምንም አልቀረው።

ተናዷል፤ እንዴት አይናደድ። ሜዳውን ግን አልተወውም። በየማለዳው ጫማውን አውልቆ ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። ጉብ ያለውን ይደለድላል፣ የጎደጎደውን ይደፍናል። መሬቴን ቢወስዱትም ሰው አይሞትበትም ይል ነበር።

አንድ ቀን የፊታውራሪ ከብቶች ሜዳው ላይ ተኝተው ሳለ አውሮፕላኑ መጣ። ትንሽ ነው፣ ባለ አንድ ሞተር። እረኞቹ ፈርተው ሸሹ። መንበሩ ብቻውን ገብቶ ከብቶቹን አስነሳ፤ አንዱ በሬ ጭኑን ወጋው። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ፊታውራሪ ይህን ሰሙና ምን ቢጠይቁ ጥሩ ነው? «በሬው ደህና ነው?»

ሌላ ቀን ደግሞ አዋልድጌሳ የሚሉት የሌሊት አውሬ ሜዳውን ቆፍሮ አደረ። መንበሩ ይደፈን ብሎ ተናገረ። ማን ይስማው! ሰዉ ሁሉ ጥጥ ለቀማ ላይ ነው ተባለ። አውሮፕላኑ ሲመጣ ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ጋቢውን አውለበለበ። አብራሪው አየው፤ ተመልሶ ወጣና በሌላው ጫፍ አረፈ። ፊታውራሪ እንግዳዬን ሰማይ ላይ አስጠበቅህ ብለው አስገረፉት። አብራሪው ዘርይሁን የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ ጉድጓዱን አየና የመንበሩን እጅ ጨበጠ። እሱን እንኳ የጨበጠው እንግዳ ነው፤ የመንደሩ ሰው አይደለም።

ሦስተኛው ነው የባሰው። ከከተማ አንድ ትልቅ ሹም ይመጣሉ ተባለ። ፊታውራሪ ለክብራቸው ሜዳው ቄጠማ ይጎዝጎዝ አሉ። ቤት መሰላቸው! መንደሩ በሙሉ ማለዳ ወንዝ ወርዶ እርጥብ ቄጠማ አጨደ፤ ጎማው የሚነካውን ሁሉ አለበሰው። መንበሩ በእግሩ ረገጠው፤ አንሸራተተው።

«ጌታዬ፣ ይህ ነገር ሰው ይጥላል፤ ላንሳው» አላቸው።

ተናገረ። ማን ይስማው! ዘበኛ ስለ ክብር ምን ያውቃል ተብሎ ተሳቀበት። ያጎነበሰውንና ማንሳት የጀመረውን ሰውዬ ሁለት ሎሌዎች ጎትተው ወሰዱት።

አውሮፕላኑ መጣ። ጎማው ቄጠማውን ነካ። ዘርይሁን ፍሬን ያዘ፤ ምን ያደርጋል፣ አልቆመለትም። ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ ከሜዳው ወጣና በአፍንጫው ቦይ ውስጥ ተተከለ። ሹሙ ወጥተው ሮጡ። አብራሪው እግሩ ተቀርቅሮ ቀረ። ቤንዚኑ ይንጠባጠባል፤ ሕዝቡ ይፈነዳል ብሎ ተበተነ። ያኔ መንበሩ ከሎሌዎቹ እጅ አመለጠና መጥረቢያ ይዞ ገባ፤ በሩን ፈልጦ ሰውየውን በጀርባው አወጣው። ዘርይሁንን ራሱን እንደሳተ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጠ። ፊታውራሪ በሹሙ ፊት ምን አሉ? ዘበኛው በሬ ለቆበት ነው አሉ። ዐሥራ ሁለት ሽማግሌዎች በሬውን አይተናል ብለው ማሉ። የኔም አባት አንዱ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ እርር ይላል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እያሉ፤ ፊታውራሪን ማን ንጉሥ እንዳደረጋቸው እንጃ!

መንበሩ ከጎማው ላይ የፈታውን የተጠማዘዘ ቄጠማ ከጋቢው አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው።

«አባቶቼ፣ ይህ ነው በሬው?»

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ጎጆው ፈረሰች፤ እሱም ከአገር ውጣ ተባለ። ወጣ። ወዴት እንደሄደ፣ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም።

ዓመት ሲሞላ ዘርይሁን በበቅሎ መጣ፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ያወጣኝን ሰው አሳዩኝ፣ እግሩን ልስም ነው የመጣሁት አለ። ያው ዐሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊቱ ቆሙ። አባቴ ናቸው በመጨረሻ የተናገሩት፤ «ልጄ፣ በሬ አላየንም። አባረነዋል» አሉት። ሰውየው በቅሎውን አዞረ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ሸንጎ አልተቀመጡም።

እንግዲህ እናንተ ልጆች፣ ለምን ሽመል በር ሰርግም ቢሆን ቄጠማ አይጎዘጎዝም ትሉ የለ? ለዚህ ነው። የኛ እንግዳ ደረቅ መሬት ረግጦ ይገባል። ሸንጎ ላይ ምስክር ከመማሉ በፊትም አንድ ዘለላ ቄጠማ እግሩ ስር ይጣላል። የሚዋሽ ከሆነ ማንም አይሰድበው፣ ማንም አይመታው። «የመንበሩን በሬ አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ይህ ብቻ ይበቃዋል።