ሯጩ ጥሩምባ ነፊ

ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት የደረሰ አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው በሞተ ቁጥር ከሰፈር ሰፈር እየሮጡ መርዶ ሲለፍፉ እግራቸው ሩጫ ለመደና፣ ሰው ባልሞተበትም ቀን ማለዳ ማለዳ ከተማዋን በሩጫ ሳይዞሩ ቁርስ አይቀምሱም ነበር።

አንድ ጠዋት አዲሱ ከንቲባ ከቤታቸው እስከ ቢሯቸው ያለችውን የሁለት መቶ እርምጃ ኮረኮንች በመኪና ሲያዘግሙ፣ ሽማግሌው በሩጫ ቀደሟቸው። ከንቲባው የተቀደመው መኪናቸው ሳይሆን ሹመታቸው መሰላቸው። መኪናውን አስቁመው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉና፣

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜ ቁምጣ ለብሶ መሮጥ ነውር አይደለም? ነገ መንገድ ላይ ክልትው ቢሉ የሚጠፋው የከተማዋ ስም ነው! ከዛሬ ጀምሮ ሩጫ ከልክያለሁ፤ እንደ እኩዮችዎ አርፈው ይቀመጡ!» አሉ።

ሽማግሌው ላባቸውን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሦስት ከንቲባዎችም እዚሁ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እንዲሁ መክረውኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሦስቱንም ሞት እየሮጥኩ በጥሩምባ የለፈፍኩት እኔው ነኝ። ለመሆኑ፣ እርስዎ የየትኛው እድር አባል ነዎት?»